በር የሚቧጭር ውሻ፦ ተረቱና እውነታው

ከሥራ ውለው ሲመለሱ የበሩ ቀለም ተልጦ፣ እንጨቱ በጥፍር ተፍቆ፣ መቃኑም በጥርስ ተቦጭቆ የሚጠብቃቸው ባለቤቶች መጀመሪያ የሚጠሩት አናጢ ነው። አናጢው ያድሰዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን በሩ እንደ ቀድሞው ሆኖ ይገኛል። ወጪው ከንቱ የሚሆነው የጉዳቱ መነሻ ሳይነካ ስለሚቀር ነው። ብቻውን ሲቀር ወይም ነጎድጓድ ሲሰማ የሚሸበር ውሻ፣ ፍርሃቱ እስካልበረደ ድረስ መውጫ መፈለጉን አይተውም። ስለዚህ በሩን መከለል ያስፈልጋል፤ ውሻውን ማረጋጋት ደግሞ የግድ ነው። ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉት ምክሮች ግን ብዙዎቹ ውሻውንም በሩንም ይጎዳሉ። ዋና ዋናዎቹን ከእውነታው ጋር እናስተያይ።

ተረት 1፦ «ጥዬው ስለሄድኩ ተናዶብኝ፣ ሆን ብሎ ነው»

እውነታ፦ ባለቤቱ ሲወጣ በር የሚቧጭር ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ድንጋጤ ውስጥ ነው። ይህ የመለየት ጭንቀት በእንስሳት ሕክምና የታወቀ ችግር ሲሆን የራሱ ምልክቶች አሉት፦ ማለክለክ፣ ለሃጭ ማዝረክረክ፣ ወዲያ ወዲህ መመላለስ፣ ያለማቋረጥ መጮህና ማላዘን፣ ከልማዱ ውጭ ቤት ውስጥ መሽናት። ሁከቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ባለቤቱ ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ጉዳቱም በአብዛኛው በበርና በመስኮት ላይ ያርፋል።

«ሲያየኝ እኮ አንገቱን ይደፋል፤ ጥፋቱን ያውቃል» የሚሉ ብዙ ናቸው። አሜሪካዊቷ የውሻ ባሕርይ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትነዋል። ውሾቹ ያን «የጥፋተኛ» መልክ የሚያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣቸው እንጂ በእርግጥ ሲያጠፉ እንዳልሆነ አረጋግጠዋል። ምንም ያላጠፋ ውሻ እንኳ ሲቆጡት አንገቱን ደፍቷል። እኛ ጸጸት የምንለው ነገር የሚመጣብኝ ቁጣ ይብረድልኝ የሚል ልመና ነው።

እርግጥ በር የሚቧጭር ውሻ ሁሉ የመለየት ጭንቀት አለበት ማለት አይደለም። መሽናት የፈለገ፣ የተሰላቸ፣ በደጅ የሚያልፍ ውሻ ያየ፣ ውጭ ሲያድር ብርድ ወይም ዝናብ የመታውም ይቧጭራል። መለያው ቀላል ነው፦ ስልክዎን ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርገው ቤት ውስጥ ይተዉትና ለግማሽ ሰዓት ይውጡ። ቀረጻው ከማንኛውም ግምት የተሻለ ይነግርዎታል።

ተረት 2፦ «በዱላ ካልተማረ አይማርም»

እውነታ፦ ውሻ ቅጣትን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚያደርገው ወይም ከሚያየው ነገር ጋር ነው። ጠዋት ለተቧጨረ በር ማታ የሚመታ ውሻ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የባለቤቱ መምጣት የሚያስፈራ መሆኑን። ከዚያ በኋላ ብቻውን መቅረትም ያስፈራዋል፣ የእርስዎ መመለስም ያስፈራዋል። ፍርሃት በፍርሃት ላይ ሲደረብ ቧጨራው ይብሳል። በአንገቱ ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚለቅ ማሰሪያ ማድረግም ከዱላ የተለየ ውጤት የለውም።

ተረት 3፦ «በሩን በርበሬ ወይም ነጭ ጋዝ ቀቡት፤ ይሸሻል»

እውነታ፦ የበርበሬን ማቃጠል የሚያመጣው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር የውሻን ዓይን፣ አፍንጫና መዳፍ ያቃጥላል። ውሻው መዳፉን ይልሳል፤ በመዳፉም ዓይኑን ያሻል። ነጭ ጋዝ የባሰ ነው፤ ከእግሩ ሲልሰው ወይም ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ከገባ ለከባድ የሳንባ ጉዳት ይዳርገዋል። በረኪናም አፍንና ጉሮሮን ይልጣል። ደግሞም በድንጋጤ ላይ ያለ ውሻ ሽታና ጣዕም ከቁብ አይቆጥርም፤ እየተቃጠለም መቧጨሩን ይቀጥላል።

ተረት 4፦ «ማሰር ወይም ጠባብ ክፍል ውስጥ መቆለፍ ነው»

እውነታ፦ መታሰር በሩን ያድን ይሆናል፤ ውሻውን ግን ለባሰ አደጋ ያጋልጣል። በሰንሰለት ላይ ሲታገል አንገቱ ይላጣል፣ ሰንሰለቱ ሲጠመጠምበትም ሊታነቅ ይችላል። በጠባብ ክፍል ወይም በሽቦ ሣጥን የተዘጋበት ድንጉጥ ውሻ ክራንቻውን ይሰብራል፣ ጥፍሩን ከሥሩ ይነቅላል። በሣጥን ውስጥ ማደርን ቀስ በቀስ የለመደና እንደ ማረፊያው የሚቆጥረው ውሻ ሌላ ጉዳይ ነው። ባልለመደው ቦታ የሚታጎር ግን ፍርሃቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ተረት 5፦ «የብረት በር ካለኝ ምን ያሳስበኛል?»

እውነታ፦ የላሜራ በር ከእንጨት ይልቅ ይጸናል፤ የሚጎዳው ግን ውሻው ነው። ብረት ላይ የተሰበረ ጥፍር ይደማል፣ ያመረቅዛል። ተልጦ የሚወድቀው ቀለምም ሌላ አደጋ አለው። የቆዩ ቀለሞች እርሳስ፣ ማለትም ሊድ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዙ ይችላሉ። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የሊድ መጠን የሚገድብ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2018 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተቀባ በር ሲፋቅ አቧራውም ቅርፊቱም ለውሻውም ለሕፃናትም ጎጂ ሊሆን ይችላል።

ተረት 6፦ «ሲፈራ ካባበልከው ፍርሃቱን ታስለምደዋለህ»

እውነታ፦ ፍርሃት በማባበል አይጠነክርም። ውሻ የሚፈራው መፍራት ስለሚያስሸልመው ሳይሆን ከቁጥጥሩ ውጭ በሆነ ስሜት ስለተያዘ ነው። በተረጋጋ ድምፅ ማናገር፣ አጠገቡ መቀመጥ፣ ሊጠጋዎት ከፈለገ መፍቀድ ምንም ጉዳት የለውም።

ይህ በተለይ በክረምት ይጠቅማል። ሰው የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ሲሆን ውሻ እስከ 45,000 ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ ለእኛ የማይሰማ ብዙ ነገር ለእሱ ይሰማዋል። በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓዱ ሳያባራ፣ ነሐሴ 13 የሚከበረው ቡሄ ሲቃረብ የጅራፍ ጩኸት ይጨመርበታል። የጅራፍ ጫፍ ያን ያህል የሚጮኸው ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚወነጨፍ ነው። ከዚያ የዘመን መለወጫና የመስቀል ርችት ይከተላል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ውሾች ደግሞ ከባዱ ሌሊት ጁላይ 4 ነው። እነዚህ ቀናት አስቀድመው የሚታወቁ ናቸውና መዘጋጀት ይቻላል፦ መስኮት መዝጋት፣ መጋረጃ መጋረድ፣ ሬዲዮ መክፈት፣ ቤት መሃል ያለ ጸጥ ያለ ጥግ ማመቻቸት፣ በዚያ ምሽት ብቻውን አለመተው። ግቢ ውስጥ ለሚያድር ውሻም ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ አፉ ከነፋስ የዞረ ቤት ያስፈልገዋል። ብዙ ውሾች በክረምት ሌሊት የቤቱን በር የሚቧጭሩት መሸሸጊያ አጥተው ነው።

ተረት 7፦ «ጓደኛ ይምጣለት፤ ሌላ ውሻ ካለ ይተዋል»

እውነታ፦ የመለየት ጭንቀት ያለበት ውሻ የሚናፍቀው ሰውን ነው። ሁለተኛ ውሻ ለተሰላቸ ውሻ ሊረዳ ይችላል፤ ሰው ሲለየው ለሚሸበር ግን አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ አይሆንም።

ተረት 8፦ «አንድ የሰው ማስታገሻ ኪኒን ይበቃዋል»

እውነታ፦ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ በየቤቱ የሚገኙ የሰው መድኃኒቶች ለውሻ መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ጭንቀት የተፈቀዱ መድኃኒቶች ግን አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ክሎሚፕራሚንን እ.ኤ.አ. በ1998፣ ፍሎክሲቲንን በ2007 ለውሾች የመለየት ጭንቀት ፈቅዷል። ሁለቱም ከልምምድ ጋር ተዳምረው የሚሰጡ ናቸው፤ ለውጣቸውም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። መጠኑን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው።

በሩን መከለል

ልምምዱ ፍሬ እስኪያፈራ በሩ ከለላ ይፈልጋል። መጀመሪያ ውሻው በኋላ እግሩ ሲቆም የፊት መዳፉ የሚደርስበትን ከፍታ ይለኩ፤ ከለላው ከዚያ ማለፍ አለበት። ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ወይም ለስላሳ የአሉሚኒየም ገበታ ይሆናል። ጠርዙ ተሞርዶ የለዘበ፣ የብሎኖቹም ራስ ወደ ውስጥ የገባ ይሁን፤ ስለታማ ጠርዝ መዳፍ ይቆርጣል። በእጀታው በኩል ያለውንና መቃኑን አይርሱ፤ ውሻ አብዝቶ የሚቧጭረው በሩ የሚከፈትበትን ወገን ነው። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ በሩን ሳይበሳ የሚነሣ ከለላ ቢመርጥ ይሻለዋል። በአሜሪካ ለምሳሌ አከራዮች የተቧጨረ በር ማሳደሻውን ከመያዣው ገንዘብ ላይ ሊቀንሱ ይችላሉ።

የኤም ዲ ኤፍ በር ከሆነ ይፍጠኑ፤ ገጹ ከተላጠ በኋላ እርጥበትና ለሃጭ ሲነካው ያብጣል። ለማደስ የላላውን ማንሣት፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ስቱኮ መሙላት፣ ሲደርቅ ዳግም ማለስለስና መቀባት ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ ውሻው አይጠጋ። ጥፍሩን በየጊዜው ማሳጠር የጭረቱን ጥልቀት ይቀንሳል፤ ነገር ግን በጥፍሩ ውስጥ የደም ሥር ስላለ ጫፉን ብቻ ይቁረጡ።

ብቻ መቆየትን ማስለመድ

ውሻ መሄድዎን የሚያውቀው በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ቁልፍ ሲያንሱና ጫማ ሲያደርጉ ይጨነቃል። ስለዚህ ቁልፉን አንሥተው መልሰው ይቀመጡ፤ ጫማ አድርገው ቡና ያፍሉ። እነዚህ ምልክቶች ትርጉም እስኪያጡ ይደጋግሙት። ቀጥሎ ለጥቂት ሰከንዶች ወጥተው ሳይደነግጥ ይመለሱ። ሰከንዱን ወደ ደቂቃ፣ ደቂቃውን ወደ ሰዓት ያሳድጉ፤ ከተሸበረ ግን ወደ ኋላ ተመልሰው ካጠረው ጊዜ ይጀምሩ። ከመውጣትዎ በፊት በእግር ማንሸራሸርና ምግቡን ሣር ላይ በትኖ እንዲያፈላልገው ማድረግም ይረዳል። ትተውለት የሄዱትን ምግብ እስኪመለሱ ካልነካው ጭንቀቱ ብርቱ ነው፤ ሐኪም ያማክሩ። በልምምዱ ሳምንታት ሊችለው ከሚችለው ጊዜ በላይ ብቻውን እንዳይቀር ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም ዘበኛ አብሮት ቢውል ጥሩ ነው።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። ለወትሮው ረጋ ያለ ውሻ በድንገት እንጨትና ብረት መንከስ ከጀመረ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተውና ለሃጩ ከተዝረከረከ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አይንኩት፤ ሰው ወደማይደርስበት ቦታ ተለይቶ እንዲቆይ ያድርጉና ሐኪም ይጥሩ። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን እጅግ ብርቅ ነው፤ በክትባት ግን ይከላከሉታል።

በርዎ ላይ ያለውን ጭረት ሲያዩ ዱላ ከማንሣትዎ በፊት ውሻው ያን ጊዜ ምን እንደሰማና ምን እንደፈራ ይጠይቁ። በሩን ይከልሉ፣ ውሻውን በትዕግሥት ያስለምዱ፣ ክትባቱን አያስተጓጉሉ። ቤትዎን ሌትና ቀን የሚጠብቅልዎ እንስሳ ይህን ያህል ድካም ይገባዋል።