የቢም ብረት አቀማመጥ ከኮንክሪት ሙሌት በፊት ሊረጋገጥ ይገባል

በመንግሥት ሕንፃዎች ግንባታ የአርማታ ቢም ጥንካሬ የሚወሰነው በፌሮው ብዛትና ውፍረት ብቻ ሳይሆን በሚቀመጥበት ቦታም ጭምር ነው።

ኮንክሪት ሲጨመቅ ብርቱ ቢሆንም ሲሳብ ግን ደካማ ነው፤ የመሳብ አቅሙ ከመጨመቅ አቅሙ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ጉድለት የሚያሟላው ብረቱ ነው።

በሁለት ዓምዶች ላይ ያረፈ ቢም ጭነት ሲያርፍበት መሐሉ ወደ ታች ስለሚጎብጥ የታችኛው ክፍሉ ይሳባል። በመሆኑም ዋናው ፌሮ በታች በኩል ይቀመጣል። ከአንድ በላይ ዓምዶችን አልፎ በሚዘልቅ ቢም ላይ፣ ዓምዱ ባለበት ቦታ፣ እንዲሁም በረንዳን በሚሸከም ወደ ውጭ በወጣ ቢም ላይ ግን የሚሳበው የላይኛው ክፍል በመሆኑ ዋናው ፌሮ ከላይ መሆን አለበት። በሥራ ወቅት ተረግጦ ወደ ታች የወረደ የበረንዳ ብረት ብዛቱ የተሟላ ቢሆንም ሸክሙን ለመሸከም ይሳነዋል።

በዓምዶች አቅራቢያ ሰያፍ ስንጥቅ እንዳይፈጠር ስታፋዎች ተቀራርበው ይታሰራሉ። ብረቱ እርጥበት አግኝቶ እንዳይዝግም በሲሚንቶ መደገፊያዎች አማካይነት ከቅርጽ ማውጫው እንዲርቅ ይደረጋል፤ የዛገ ብረት አብጦ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃልና።

ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ እነዚህ ስህተቶች በዓይን አይታዩም። ስለሆነም የግንባታ ተቆጣጣሪው የብረቱን አቀማመጥ ከንድፉ ጋር አመሳክሮ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ሙሌት ሊፈቀድ፣ ክፍያም ሊጸድቅ አይገባም።