የአያቴ ባላጋራ ልጅ

ባለፈው የለጠፍኩትን የሉክ ወረቀት ፎቶ አይታችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። የአብዛኞቻችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ «እኔም የቤተሰቤን የዘር ሐረግ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ለየብቻ መመለሱ ስላቃተኝ እዚሁ እጽፈዋለሁ። ይረዝማል፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

የእኛ ቤት መንዝ ነው፤ ጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉ ሦስት አባቶች አገሩን አቀኑት፣ ምድሮቹም በስማቸው ተጠሩ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። አባቴ ገና በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ ስለቀረ የትውልድ ቆጠራውን ያገኘሁት ከታላቅ እህቱ፣ ከእትዬ ነው። እትዬ ትውልድ የሚቆጥሩት ሲኒ ሲያጥቡ ነው። አንዱን ሲኒ አለቅልቀው ረከቦቱ ላይ ሲደፉ አንድ ስም፣ ሌላውን ሲደፉ ሌላ ስም። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን በቀሚሳቸው ይጠርጉና «ከዚህ በላይ የሚያውቀው ሰው ሞቷል» ይላሉ። ያልታጠበ ሲኒ ግን ገና አለ።

መጀመሪያ ላይ ጥናት ማለት እትዬን መቅዳት ብቻ መስሎኝ ነበር። ስልኬን ከጀበናው አጠገብ አድርጌ ሦስት ቅዳሜ ቀዳኋቸው። ይህን ሁላችሁም አድርጉት፤ ዛሬ ነገ አትበሉ። አጠያየቁን ግን እወቁበት። «ቅድመ አያቴ መቼ ተወለዱ?» ካላችሁ መልሱ «እኔ ምን አውቄ» ነው። «በዘመነ ማን ተወለዱ? ክፉ ቀን ነበር ወይስ አልፏል? በኅዳር በሽታ ጊዜ ትዳር ይዘው ነበር?» ካላችሁ ግን ወሬው ዓመተ ምሕረት ማውጣት ይጀምራል። የኅዳር በሽታ 1911 ነው፣ የሰገሌ ጦርነት 1909፣ የማይጨው 1928። የአረጋውያን ቀን መቁጠሪያ እነዚህ ናቸው።

የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። በቤታችን ቅድመ አያታችን አድዋ ዘምተዋል ይባላል። ጋሻቸውም እኛ ቤት ነበር፣ ኋላ በችግር ጊዜ ተሸጠ ይባላል። እኔም ይህንኑ አምኜ ለፋሲካ ትልቅ የትውልድ ሐረግ አሳተምኩ፤ በላስቲክ አስለብጬ ለየዘመዱ አደልኩ። ከስማቸው ሥር በቀይ «የአድዋ ዘማች» ይላል። አጎቶቼ ሳሎናቸው ውስጥ ሰቀሉት።

እዚህ ላይ ስለ ጓደኞቼ ላውራ። በየወሩ በመጨረሻው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምንገናኝ ዐሥር ዐሥራ አንድ ሰዎች አለን፤ ሁላችንም በዚህ ነገር የተለከፍን። ነርስ አለች፣ የታክሲ ሹፌር አለ፣ ዲያቆን አለ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከወለጋ ነን። ዝምድና አይደለም ያገናኘን፤ የየቤታችን ሰው እኛን መስማት ስለሰለቸው ነው። ቤተሰብ የራሱን ተረት ነው የሚወደው፤ የሚመረምረው ባዕድ ነው።

ያን ያሳተምኩትን ሐረግ ይዤ የሄድኩ ዕለት አንድ አዲስ ሰው መጥተው ነበር፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ እንደ እኔው የመንዝ ሰው። ጋሼ እላቸዋለሁ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩና «እኚህ ሰው በዘመነ ማን ተወለዱ?» አሉኝ። እትዬ የነገሩኝን ደገምኩላቸው፤ በዘመነ ሉቃስ፣ ክፉ ቀን ሊወጣ ሲል። ክፉ ቀን የምንለው ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ፣ ከ1880 እስከ 1884 ድረስ አገሩን የፈጀውን ረሃብ ነው። ጋሼ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ድምሩ ለ4 ይካፈላል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 1883 ሲደመር 5500፣ 7383። ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ሉቃስ። የሚቀጥለው ሉቃስ 1887 ነው፤ ያኔ ክፉ ቀን አልፏል።

«እንግዲህ» አሉኝ ጋሼ፣ «የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ሲዋጉ የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ።»

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀብኝ። የሚብሰው ግን የመጣው በኋላ ነው። ጋሼ የአያቴን ስም አዩና ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ አንቺ የእሳቸው የልጅ ልጅ ነሽ? አባቴን ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት ያመላለሱት እኮ እሳቸው ናቸው!» አሉ። የርስት ክስ ነው። አያቴ ከሳሽ፣ የጋሼ አባት ተከሳሽ።

ርስት ስል ለወጣቶቹ ላብራራ፤ የቆጠራው ምስጢር ያለው እዚህ ነው። በርስት አገር መሬት የሚጠየቀው በደም ነበር። ከአቅኚው አባት በአባትም በእናትም ወርጄ እመጣለሁ የሚል ሰው ሁሉ ድርሻ ይገባኛል ማለት ይችል ነበር። ማስረጃው ምላስ ነበር፦ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደች፣ እሷ አባቴን ወለደች። መሐል ላይ አንድ ስም የሳተ ሰው መሬቱን ይስት ነበር። ስለዚህ ልጅ ገና አፉን ሲፈታ ቅድመ አያቱን፣ ምንዥላቱን፣ እንጅላቱን ያጠና ነበር (የእነዚህ ስሞች ቅደም ተከተል እንደየአገሩ ስለሚለያይ እኔን አትከራከሩኝ)። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ ሁሉ ዕውቀት በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። ለቆጠራ የቀረለት ሥራ ጋብቻ ነው፤ ሰባት ቤት መሙላት አለመሙላቱን ማረጋገጥ። ያም ቢሆን ከተማ ውስጥ ሽማግሌ ሲላክ ካልሆነ ማን ያስበዋል? ወጣቱ ፈረንጅ ስለሆነ ረሳው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሰው የማይጠቅመውን አያጠናም።

ስለዚህ የእኛ ትልቁ መዝገብ የሙግት ወረቀት ነው። የለጠፍኩላችሁ ሉክ የተገኘው ከእትዬ ሳጥን ሥር ሲሆን አያቴ ለክሱ ያጻፉት ቆጠራ ነው፤ ዘጠኝ ትውልድ፣ እስከ አቅኚው አባት። ሳገኘው ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ችግሩ ግን ይህ ነው፦ ተሟጋች ለማሸነፍ ነው የሚቆጥረው። የማይመቸውን ይዘላል፣ የሚመቸውን ያስገባል። አያቴን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ለመሬት ሲሉ ስም አያጣምሙም ብዬ አልምልላችሁም።

በሚቀጥለው ወር ጋሼ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ይዘው መጡ። የአባታቸው ነው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ገጾቹ የጭስ ሽታ አላቸው። በግራ በኩል የራሳቸውን ትውልድ፣ በቀኝ በኩል የእኛን ጽፈዋል። የባላጋራን ቆጠራ ለማፍረስ መጀመሪያ አብጠርጥሮ ማወቅ ያስፈልጋላ! የእኛ ቤት ያልያዘው ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። የእህቶች ስም አለ፤ ሴትም ርስት ትካፈል ስለነበር። ያለ ልጅ የሞቱ ሰዎች አሉ። ከቅድመ አያቴ አባት ጎን አንድ ወንድም ተጽፎ፣ ከአጠገቡ በቀጭን እጅ ጽሕፈት «አድዋ ዘምቶ የቀረ፤ ልጅ የሌለው» ይላል።

ጋሻው የማን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ልጅ የሌለው ሰው ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ ስሙ ሲረሳ ጀግንነቱ ወደ ወንድሙ ልጅ ዞረ። የእኛ ቤት ስልሳ ሰባ ዓመት ሙሉ የሸፈነውን፣ መሬቱን የከለከሉን ሰው በእስክሪብቶ ጠብቀውልናል።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገን አነበብን። ከአያቴ ወደ ላይ አምስቱ ስሞች አንድ ናቸው። ባላጋራ ያመነው ስም እውነት ነው ብዬ ይዣለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ስድስተኛው ላይ ተለያዩ። አያቴ አምስተኛው ሰው የስድስተኛው ልጅ ነው ይላሉ፤ የጋሼ አባት ደግሞ የጡት ልጅ እንጂ የአብራክ ልጅ አይደለም ይላሉ። የአያቴ ቃል እውነት ከሆነ እኔና ጋሼ ሰባት ቤት ያልሞላን ዘመዳሞች ነን። ካልሆነ ጡት ያገናኘን ባዳዎች ነን። ለመወሰን የሚያስችል ነገር የለንም፤ ሁለቱም ለመሬት ሲሉ ነው የጻፉት። በሐረጉ ላይ እዚያ ቦታ የተቆራረጠ መስመር አስምሬበታለሁ።

አንድ ሌላ ነገር፦ ደብተሩን ብቻዬን ባገኘው ኖሮ አላውቀውም ነበር፤ ግማሹ ስም የክርስትና ስም ነው። የእኛን አገር ጥናት የሚያከብደው ይህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ውሰዱ፤ ቤት ያወጣላቸው ስም ተፈሪ፣ የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል። እሳቸው ንጉሥ ስለሆኑ ሦስቱንም እናውቃለን፤ የገበሬ ቅድመ አያት ግን ሦስት ቦታ በሦስት ስም ተጽፎ ሦስት ሰው ይመስላል። ዕርሻ ላይ በቤት ስም፣ ፍትሐት ላይ በክርስትና ስም፣ ዘመቻ ላይ በፈረስ ስም። ስለዚህ ከማንም በፊት የቤተሰቡን የነፍስ አባት ጠይቁ፣ ቀጥሎ የእድሩን መዝገብ። በነገራችን ላይ የእኛ ሴቶች ሲያገቡ ስማቸውን ስለማይቀይሩ የእናትን ወገን መከተል ከፈረንጆቹ ይልቅ ለእኛ ይቀላል። ይህን ዕድል ብዙ ሰው አይጠቀምበትም።

የመንግሥት መዝገብ ብዙ አትጠብቁ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የደነገገ ቢሆንም በአገር ደረጃ ሥራው የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ ለአያቶቻችን አይደርስም። የተሻለው የብራና ኅዳግ ነው። የድሮ ሰው የመሬት ሽያጭና ስጦታ፣ የምስክር ስም ሳይቀር፣ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጽ ላይ ያጽፍ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ በማይክሮፊልም መነሣት የጀመሩት ብራናዎች ቅጂ አዲስ አበባም፣ ሚኔሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሴንት ጆንስ ቤተ መጻሕፍትም አለ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ዓመታት ካታሎጉን ሠርተውለታል። ሚኔሶታ ያላችሁ ልጆች፣ እኛ በዚህ እንቀናባችኋለን።

እስራኤል ያለች አንዲት ጓደኛችን ደግሞ የራሷ ፈተና አለባት። አንዳንዴ የአባት፣ አንዳንዴ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲመዘገብ፣ በተለያየ ጊዜ የገቡ ወንድምና እህት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ቀሩ። የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ግን ዛሬም ለጋብቻ ሰባት ቤት ስለሚቆጥሩ በቃል የሚያውቀው ሰው ከእኛ ዘንድ ይልቅ በእነሱ ዘንድ ይበዛል። የቀን ልወጣ የምትሠሩም ተጠንቀቁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። አሜሪካ ያለ የአንድ ዘመዴ ልደት በዚህ ስህተት አንድ ዓመት ተዛብቷል።

የጡት ልጁን ነገር ለእትዬ መንገር ፈርቼ ሁለት ወር ያዝኩት። ነገሩ ለእኔ ቀላል ነው፤ ለእሳቸው ግን ዘራቸው ነው። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሲኒ ሲያጥቡ ነገርኳቸው። እጃቸውን እንኳ አላቆሙም።

«ጡት ከጠባ ልጅ ነው፤ ሞኝ አትሁኚ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «ለመሆኑ ክሱን ማን ረታ?» አሉ።

ማንም አልረታም። ፍርዱ ሳይሰጥ 1967 መጣ።

እንግዲህ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌና ከአካባቢው የሆናችሁ፦ ከ1967 በፊት የርስት ሙግት የነበረበት ቤት ካላችሁ ሳጥኑን ፈትሹ። ሉክም ይሁን ደብተር፣ ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም ካለበት ሸፍኑት። በተለይ አያታችሁ የእኛን ቤት ከስሰው ከነበረ።