ምልክቱ የጠፋበት ፑሊ

አንድ አሮጌ ቮልስ የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። ሞተሩ ታድሷል፤ ፑሊውም በአዲስ ተቀይሮ ያብረቀርቃል። በአሮጌው ፑሊ ጠርዝ ላይ ግን የሩዝ ፍሬ የምታህል ጭረት ነበረች። መካኒኩ ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ጊዜ የሚያስተካክለው እሷን እያየ ነበር። አዲሱ ፑሊ ዙሪያውን እንደ ሰሃን ለስላሳ ነው። ከየት ይጀመር?

ጭረቷ ለምን እንዲህ ታስፈልጋለች? ቤንዚንና አየር ሲቀጣጠሉ በአንድ ቅጽበት ነደው የሚያልቁ ይመስለናል። ነገር ግን እሳቱ ከካንዴላው ጫፍ ተነሥቶ ሲሊንደሩን እስኪያዳርስ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይፈጃል። 2 ሚሊሰከንድ ለእኛ ከዓይን ጥቅሻም ያነሰች ናት። በደቂቃ 3000 ጊዜ ለሚዞር ሞተር ግን 36 ዲግሪ፣ የአንድ ሙሉ ዙር አንድ አሥረኛ ናት። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ቀድሞ መነሣት አለበት። ያን ጊዜ ግፊቱ የሚበረታው ፒስተኑ ጫፉን ጥቂት አልፎ መመለስ ሲጀምር ነው። ብልጭታው ከመጠን በላይ ከቀደመ እሳቱ ገና በመምጣት ላይ ያለውን ፒስተን ይጋፋዋል፤ ሞተሩም ይንኳኳል። ከዘገየ ደግሞ ጉልበቱ በጭስ ማውጫው በሙቀት መልክ ይወጣል፤ መኪናው ቤንዚን እየበላ ዳገት ያቅተዋል።

“በጆሮ አስተካክለዋለሁ” የሚል አይጠፋም። ጆሮ ግን እዚህ ላይ ያሳስታል። ሞተር በዝግታ ሲዞር ብልጭታው በቀደመለት ቁጥር ፈጠን፣ ቀለል ብሎ ይሠራል። ባለሙያው ደስ ብሎት ብሎኑን ያጠብቃል፤ ጉዳቱ የሚመጣው በኋላ፣ መኪናው ሰው ጭኖ ዳገት ሲይዝ ነው። ቮልስ ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ የማራገቢያው ጩኸት መንኳኳቱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ መለካት ግድ ነው፤ ለመለካት ደግሞ መጀመሪያ ፒስተኑ ጫፍ የሚደርስበትን ትክክለኛ ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሞክረው ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ካቻቪቴ በማስገባት ነው። ካቻቪቴው እየተገፋ ሲወጣ “ይመጣል፣ ይመጣል” ይባላል፤ ሲቆም “ደረሰ!”። የቮልስ የካንዴላ ቀዳዳ ያዘነበለ መሆኑን እንኳ ብንተወው፣ ዘዴው ከሥሩ ችግር አለበት። ፒስተን ጫፉ አካባቢ ሲደርስ የቆመ ያህል ይዘገያል። 1300 በሚባለው የቮልስ ሞተር ፒስተኑ ከዳር እስከ ዳር 69 ሚሊሜትር ይጓዛል። ከጫፉ በፊትም ሆነ በኋላ ባሉት 5 ዲግሪዎች ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ግን 0.16 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሁለት የደብተር ወረቀት ቢደራረብ ያህለዋል። ይህን በካቻቪቴ የሚለይ ዓይን የለም። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ ከፍታው ላይ ሲደርስ በትክክል በየትኛው ቅጽበት ቆመ ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

መፍትሔው ጫፉን ጫፉ ላይ አለመፈለግ ነው። ከጫፉ 40 ዲግሪ ርቀት ላይ ያው ፒስተን በእያንዳንዱ ዲግሪ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይሄዳል። እዚያ ላይ ቦታውን መሳት ከባድ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ወገን፣ ፒስተኑ ከጫፉ እኩል ርቆ የሚገኝበትን ቦታ ይዞ መሐሉን መውሰድ ነው።

ይህ ዘዴ ከመኪና በፊት የነበረ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ሜዳ ላይ ተክሎ ዙሪያውን ክብ የሚሠራ ሰው፣ ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን ሲነካ ምልክት ያደርጋል፤ ከሰዓት በኋላም መልሶ ሲነካው ሌላ ምልክት። የሁለቱ መሐል የእኩለ ቀኑን መስመር፣ ማለትም ሰሜንና ደቡብን ያሳየዋል። እኩለ ቀን ላይ ጥላው ርዝመቱን የሚለውጠው በጣም በዝግታ ስለሆነ ቅጽበቱን አፍጥጦ መጠበቅ አያዋጣም።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። አሮጌ ካንዴላ ሸክላው ተሰብሮ ይወጣል፤ በቦታው ጫፉ የተሞረደና የደነዘዘ ብሎን ይበየዳል። ባትሪው ይፈታል፤ የሌሎቹም ሲሊንደሮች ካንዴላዎች ይወጣሉ። ይህ መሣሪያ አንደኛው ሲሊንደር ላይ ሲታሰር ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ብሎኑ ጋ ይቆማል። ሞተሩ በእጅ፣ በዝግታ ይዞራል፤ በሞተሪኖ ማስነሣት ፒስተን መብሳት ነው። ሲቆም፣ የሞተሩ ሁለት ግማሽ አካል ከተጋጠመበት ቀጥ ያለ መስመር ትይዩ ፑሊው ላይ በጠመኔ ይሰመራል። ከዚያ ወደ ኋላ እስኪቆም ይዞርና ሌላ ይሰመራል። በሁለቱ መካከል በጠርዙ ዙሪያ 118 ሚሊሜትር ቢገኝ፣ ጫፉ 59ኛው ላይ ነው።

ቀጥሎ ሂሳብ። ፑሊው 17 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረው ዙሪያው 534 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ለ360 ሲካፈል እያንዳንዱ ዲግሪ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሰዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆቹ) ለተሠሩ በርካታ 1300 ሞተሮች የታዘዘው ከጫፍ በፊት 7.5 ዲግሪ ነው፤ 11 ሚሊሜትር ማለት ነው። ፑሊው ከኋላ ለሚያየው እንደ ሰዓት ስለሚዞር የሚለካው ከጫፉ ምልክት ወደ ቀኝ ነው፤ እዚያም ምልክት ይደረጋል።

አንድ ወጥመድ ቀርቷል። ሞተሩ አንድ ሥራ ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ስለሚዞር ፒስተኑ ጫፍ የሚደርሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ አየር ሲያምቅ፣ አንዱ ጭስ ሲያስወጣ። ብሎኑን ፈትቶ ቀዳዳውን በአውራ ጣት መድፈን ይለያቸዋል፤ በሚያምቅበት ዙር አየሩ ጣትን ገፍቶ ያመልጣል።

የዲስትሪቢዩተሩ ኮንታክት ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ይደረጋል። ባትሪው ይታሰራል፤ ቁልፉ ይከፈታል። የአምፖል አንዱ ሽቦ ከኮይል ወደ ዲስትሪቢዩተር በሚሄደው መስመር፣ ሌላው በሞተሩ ብረት ላይ ይያዛል። የ7.5ቱ ምልክት መጋጠሚያው ላይ እንዳለ ዲስትሪቢዩተሩ በቀስታ ይዞራል። ኮንታክቱ የሚላቀቅበት ቅጽበት ብልጭታው የሚነሣበት ነው፤ አምፖሉም ያኔ ይበራል። እዚያ ላይ ይታሰራል።

ሥራው ሲያልቅ መካኒኩ ሁለቱን የጠመኔ መስመሮች በጨርቅ ይጠርጋል። ሞረዱን አንሥቶ በመሐላቸው ባገኘው ቦታና ከቀኙ 11 ሚሊሜትር ላይ ጭረት ያወጣል፤ ነጭ ቀለምም ይቀባባቸዋል። ከእሱ በኋላ ይህን ክዳን የሚከፍት ሰው እንደ አዲስ አይጀምርም።