ቤትን ለብርሃነ ትንሣኤው ማሰናዳት

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ በየቤቱ የጽዳቱ ሥራ ይታሰባል። ጌታችን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ፋሲካን የበላባት ሰገነት ተነጥፋና ተሰናድታ እንደ ነበረች ቅዱስ ወንጌል ይነግረናልና፣ ልማዱ ሥር ያለው ነው።

በቂርቆስና በካዛንቺስ ዕድሜ ጠገብ ቤቶች የሚያስቸግረው ጨለማው ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ካሠራው ተቋም ምሕጻረ ስም ነው። በአካባቢው በቆዩት ቤቶች ከባዱ ቡፌ፣ በቫርኒሽ የጠቆረው ቁም ሣጥንና ጢስ የጠገበው ማድ ቤት ብርሃኑን ይውጡታል። በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ተነሥተው ያንኑ ቡፌ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ይዘው ለሄዱትም ነገሩ ያው ነው።

መፍትሔው ዕቃውን መጣል አይደለም። ጥላሸቱ በሞቀ ውኃና በሳሙና ሳይታጠብ ቀለም ቢቀባበት እድፉ ተመልሶ ይወጣል። ቫርኒሹም በብርጭቆ ወረቀት ካልተፈገፈገ አዲሱ ቀለም ይላጣል። ለጭቃ ግድግዳ ኖራ ይበቃል፤ በዘይት ቀለም ላይ ግን አይይዝም። ለሳሎን የታጠበ መስኮትና ነጣ ያለ መጋረጃ ብዙ ይለውጣሉ።

ሥራው ከሆሣዕና በፊት ይጠናቀቅ፤ ሰሙነ ሕማማት የጸሎትና የስግደት ጊዜ ነውና። በብድር ቀለም ገዝቶ በዓሉን በዕዳ መቀበልም አይገባም። ከቀለሙ የተረፈውን፣ ከጉልበታችንም ጥቂቱን፣ በጎረቤት ብቻቸውን ለሚኖሩት እናት ማድ ቤት ብናውለው የአንዱ ቤት ብርሃን ለሁለት ይሆናል።

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።