የአፍሪካ ሴቶች ጥያቄ ከየት መጣ?

የሴቶች ጉዳይ በአንድ የሠፈር ስብሰባ አጀንዳ ላይ በተያዘ ቁጥር ከኋላ ወንበር የሚሰማ የታወቀ ድምፅ አለ። «ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው፤ እናቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም» ይላል። ከፊት ወንበር ደግሞ ጥቂት ያነበበው ሰው ይነሣና፣ «ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ግን ጊዜው ገና ነው፤ መጀመሪያ ኑሮው ይስተካከል» ሲል ያረጋጋል። የመጀመሪያው ጥያቄውን ከአገር ያስወጣዋል፤ ሁለተኛው ቀጠሮ ይሰጠዋል። ሁለቱም በተለያየ መንገድ ሴቲቱን ወደ ጓዳ ይመልሷታል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ይመለከታል፤ ይበልጥ ግን ሁለተኛውን፤ ምክንያቱም ይህ የእኛው የተራማጆች ነን ባዮች ስሕተት ስለሆነ ነው።

ለኋለኛው ወንበር መልስ ለመስጠት የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1929 በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ ኦሎኮ በምትባል የኢግቦዎች መንደር፣ ንዋንየሩዋ የተባሉ ሴት በደጃቸው የዘንባባ ዘይት ሲያወጡ አንድ ቆጣሪ መጣባቸው። እንግሊዞች የሾሙት የአካባቢው ባለሥልጣን የላከው ሰው ነበር፤ ፍየሎችሽንና በጎችሽን፣ ቤተ ሰብሽንም አስቆጥሪ አላቸው። ወንዶቹ ቀደም ሲል ተቆጥረው ግብር ስለ ተጣለባቸው የቆጠራው ትርጉም ግልጽ ነበር። ሴትዮዋም የአንተስ እናት ተቆጥራለች ወይ ብለው መለሱለት። በኢግቦ ዘንድ ሰውን እንደ ከብት መቁጠር ነውር ነውና ነገሩ ወዲያው ከገበያ ገበያ ተዛመተ። የዘንባባ ቅጠል የመጥሪያ ወረቀት ሆነ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ተነቃነቁ፤ የተሿሚዎቹን ቆብ ነጠቁ፤ ቅኝ ገዢው ያቆማቸውን ፍርድ ቤቶች አጠቁ። ወታደርና ፖሊስ ተኩሶ ከ50 በላይ ሴቶችን ገደለ። እንግሊዞች ነገሩን «ሁከት» ብለው መዘገቡት። ሴቶቹ ግን «የሴቶች ጦርነት» አሉት፤ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

እነዚህ እናቶች የተጠቀሙበት መሣሪያም ከውጭ የገባ አልነበረም። በኢግቦ ሴቶች ዘንድ ሚስቱን የበደለ ወይም የገበያ ሕግ የጣሰ ወንድ ቢኖር ሴቶች በአንድነት ደጁ ላይ ይሰፍሩበታል፤ በደሉን በዘፈን እየዘረዘሩ፣ በዘነዘናቸው የጎጆውን ግድግዳ እየደበደቡ፣ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ አይነሡም። የራሳቸው ጉባኤ፣ የራሳቸው የገበያ ደንብ ነበራቸው። ቅኝ ገዢው ሲመጣ ግን በመዝገቡ ላይ ለሴቶች ጉባኤ የሚሆን ዓምድ አላዘጋጀም፤ የሾማቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። እንግዲህ ከውጭ የመጣውስ የቱ ነው? የሴቶቹ ጥያቄ ወይስ አፋቸውን የያዘው ሥርዓት?

ከሃያ ዓመት በኋላ በምዕራብ ናይጄሪያ በአቤኦኩታ ከተማ የሆነው ደግሞ ለማኅበር አባላት ልዩ ትምህርት አለው። ወይዘሮ ፉንሚላዮ ራንሶም ኩቲ እንግሊዝ አገር የተማሩ መምህርት ነበሩ። መጀመሪያ የመሠረቱት ክበብ የተማሩ ወይዛዝርት የሚሰበሰቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የገበያ ሴቶች ወደ ክበቡ ሲገቡ ግን ይዘውት የመጡት ጥያቄ ሌላ ሆነ፤ ሩዛችን በሹሙ ሰዎች ይወረሳል፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ፣ ከወንዱ ቀድማ ግብር ትከፍላለች አሉ። ወይዘሮ ፉንሚላዮ የአውሮፓ ልብሳቸውን አውልቀው ያገራቸውን ለበሱ፤ በስብሰባ በዮሩባ ተናገሩ፤ ማንበብ ለማይችሉት ትምህርት ከፈቱ። የወይዛዝርት ክበብ የነበረው የአቤኦኩታ ሴቶች ኅብረት ሆነ። ኅብረቱ ባካሄደው ሰልፍና ግብር ያለመክፈል አድማ የሴቶቹ ግብር ተነሣ፤ በእንግሊዝ አስተዳደር ጥላ ሥር ይገዛ የነበረው አላኬ አዴሞላም በ1949 ዙፋኑን ለቆ ከከተማው ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ግድም፣ በ1950፣ ተመልሶ መጣ፤ ድል ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። ራንሶም ኩቲ በ1970 የሌኒን የሰላም ሽልማት ተሸላሚ ሆኑ። በ1977 ወታደሮች የልጃቸውን የሙዚቀኛውን የፌላን ግቢ በወረሩ ጊዜ ከመስኮት ተወርውረው ክፉኛ ተጎዱ፤ በተከታዩ ዓመትም አረፉ።

እስከዚህ ድረስ ግብርና ገበያ ነው፤ ሠራተኛው አንባቢ በቀላሉ ይቀበለዋል። ክርክሩ የሚጠነክረው ወደ ቤት ሲገባ ነው። ሴት ማለት ማን ናት? ባልስ? ናይጄሪያዊቷ ምሁር ኢፊ አማዲዩሜ በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍ የንኖቢን ታሪክ መርምረው፣ ወንድ ልጅ የሌለው አባት ሴት ልጁን በወንድ ልጅ ቦታ ተክቶ ያወርስ እንደ ነበር፣ ባለ ጸጋ ሴትም ሚስት አግብታ «ባል» ትባል እንደ ነበር አሳይተዋል። ይህ የአልጋ ጉዳይ አልነበረም፤ የሥራ ጉልበትና የወራሽ ጉዳይ ነበር። የአገራቸው ልጅ ኦዬሮንኬ ኦዬውሚ ደግሞ በ1997 ከዚያ አልፈው፣ በጥንቱ የኦዮ ዮሩባ ኅብረተሰብ ሰውን ከሰው በላይ ያደረገው ፆታ ሳይሆን የዕድሜ ቅድምና ነበር፣ ቋንቋቸውም «እሱ» እና «እሷ» ብሎ አይለይም ሲሉ ተከራከሩ።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ የሚገርም ምስክር ነው። «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ሰውን ከመነሻው ይለያል፤ ማክበር ሲመጣ ግን «እርስዎ» ይልና የፆታውን ምልክት ይተወዋል። ባልቴቷና ሽማግሌው በአንድ ግሥ ይጠራሉ። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ ረክቶ መቀመጥ ራስን ማታለል ነው። ሚስት ያገባችው የንኖቢ ባለ ጸጋ የሌላይቱን ሴት ጉልበት ትጠቀምበት ነበር፤ በዕድሜ የሚገዛ ቤትም ገዢ አለው፤ አማት በምራት ላይ ያላትን ሥልጣን የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። የጥንቱ ዘመን ጭቆና አልነበረበትም ማለት አይደለም። የዛሬው የባልና የሚስት ድልድል ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በሰው ተሠርቷል፤ በሰውም ሊለወጥ ይችላል።

ወደ ሴቶች አካል ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከርራል። በዲሴምበር 1977 በዳካር የአፍሪካ ሴቶች የጥናትና ምርምር ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ኢትዮጵያዊቷ ዘነበወርቅ ታደሰ ነበሩ። በ1980 በኮፐንሃገን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሴቶች ጉባኤ ሰሞን የምዕራብ ሴቶች የሴት ልጅ ግርዛትን ዋና መነጋገሪያ ባደረጉት ጊዜ ብዙ አፍሪካውያት ተቆጡ። ቁጣቸው ግርዛቱን ለመከላከል አልነበረም። የዳካሩ ማኅበር አቋም ግልጽ ነበር፤ ልማዱን እንቃወማለን፤ ግን ስለ እኛ አካል እኛ እንናገራለን፤ ረኃቡንና ብዝበዛውን ወደ ጎን ትቶ ቁስላችንን ብቻ ለዓለም ማሳየት ትግል አይደለም። ግብፃዊቷ ሐኪም ናዋል ኤል ሰዓዳዊ በልጅነታቸው የተገረዙ ነበሩ። ስለ ሴትና ስለ ሩካቤ ሥጋ በጻፉት መጽሐፍ ምክንያት በ1972 ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥራቸው ተባረሩ፤ በ1981 በሳዳት ትእዛዝ ታሥረው ማስታወሻቸውን በቅንድብ መኳያ እርሳስ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ጻፉ። እኚህን ሴት «የፈረንጅ አፍ» ማለት ይቻላልን?

በ1984 እንደገና በዳካር፣ በወይዘሮ ብርሃነ ራስወርቅ መሪነት፣ ጎጂ ልማዶችን የሚዋጋ የአፍሪካ አገሮች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጽሕፈት ቤቱም አዲስ አበባ ሆነ። ግርዛትን ለማስወገድ ዓለም በያመቱ የሚያስበው ፌብሩዋሪ 6 ቀን በ2003 ኮሚቴው በዚሁ ከተማ ባደረገው ጉባኤ የታወጀ ነው። በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል የተገረዙት በ1992 ዓ.ም. ጥናት 80 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 65 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ቀንሷል፤ ሆኖም ከሦስት ሁለቱ ማለት ነው።

አፍሪካ ስለ አካል ዝም የምትል አገር ናት የሚለውም ከፊል እውነት ብቻ ነው። በኡጋንዳ ባጋንዳዎች ዘንድ «ሴንጋ»፣ ማለትም የአባት እኅት፣ ልጃገረዲቱን ስለ ትዳርና ስለ አልጋ የማስተማር ግዴታ አለባት። በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የመጀመሪያዋ ሴት ዲን የነበሩት ሲልቪያ ታማሌ ይህን ልማድ አጥንተው ባል ማስደሰቻ ትምህርት ብቻ አለመሆኑን፣ ሴቶች ስለ ራሳቸው ደስታና መብት የሚመካከሩበት ጉባኤም እየሆነ መምጣቱን ጽፈዋል። በእኛ ቤት አክስት ይህን ታስተምራለችን? አብዛኛውን ጊዜ የምታስተምረው መቻልን ነው።

አሁን ወደ ፊተኛው ወንበር እንመለስ። የቡርኪና ፋሶው ቶማስ ሳንካራ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1984 ባሎች ዘንቢል ይዘው ገበያ እንዲወጡና የእህሉን ዋጋ ራሳቸው እንዲቀምሱት ጥሪ አደረጉ። ብዙ ሰው ሳቀ። ነገር ግን ሳንካራ አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ የቤቱ የሥራ ክፍፍል እስከ ድሉ ማግስት የሚቆይ ትርፍ ጉዳይ አይደለም።

በእኛ አገር ግን ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባል የቤተ ሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። አንቀጽ 646 ደግሞ ባል አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ባይኖረው ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ ትሠራለች ብሎ ጨመረበት። የመደቡ ጠባይ ከዚህ በላይ የሚገለጥበት አንቀጽ ማግኘት ያስቸግራል፤ የድኻ ሚስት በሕግ የቤቷ አገልጋይ ሆነች። ከዚያ 1966 ዓ.ም. መጣ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ያለ ፆታ ልዩነት ብሎ ጻፈ፤ የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ግን የቤቱን ራስ ስም መዘገበ፤ የቤቱም ራስ ማን እንደ ሆነ አንቀጽ 635 አስቀድሞ ተናግሯል። ይህን ክፍተት ቀድመው ከጻፉት መካከል እነዚያው ዘነበወርቅ ታደሰ ይገኛሉ። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ መፈክሩ በየግድግዳው ተጻፈ። አንቀጽ 635 ግን መፈክሩም ግድግዳውም ካለፉ በኋላ፣ እስከ 1992ቱ የቤተ ሰብ ሕግ ድረስ፣ አርባ ዓመት ኖረ። ዋናው ቅራኔ ሲፈታ ይህ በራሱ ይፈታል ብለን ስናስተምር የነበርን ሰዎች ለዚህ መልስ የለንም።

የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የተጠለፈችው ልጅ ከጠላፊዋ ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች ክስ እንዳይቀጥል ያደርግ ነበር፤ ሕጉ ጋብቻው በነጻ ፈቃድ መሆን አለበት ይላል፤ ታግቶ ነጻ ፈቃድ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ግን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ የጠለፋትን ሰው በራሱ ጠመንጃ ገድላ ታሠረች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከጎኗ ቆሞ በ1998 ራሷን ስትከላከል ነው ተብላ ነጻ ወጣች። የጠላፊው መሸሸጊያ የተዘጋው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ያው ሕግ ግን በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም ድርጊት አድርጎ ነው። በጋብቻ ውስጥ ያለችው ሴት «እምቢ» ማለት በዚህ አንቀጽ ዘንድ አይሰማም። አገራችን የአፍሪካ ሴቶችን መብት የሚመለከተውን የማፑቶ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2018 አጽድቃለች፤ አንቀጹ ግን እዚያው አለ።

አንቀጹን ማሻሻል የሕግ አውጪው ሥራ ነው፤ በእሱ ላይ መወያየት ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ከውኃና ከመንገድ ጥገና ቀጥሎ ሊያዝ ይችላል። ከዚያው ጋር የዕድሩ መዝገብ ይከፈትና ስንት ሚስቶች በራሳቸው ስም እንደ ተመዘገቡ፣ ስንቶቹ በባላቸው ስም ሥር እንደ ተቆጠሩ ይታይ። በዚያን ዕለት ቡናውን ወንዶቹ ያፍሉ።