ኮሌስትሮልም የሚዛን ድንጋይ አለው

በበርበሬም ሆነ በቡና ንግድ የቆየ ሰው ሚዛኑን ሳያምን ገንዘብ አይቆጥርም። የሻጩና የገዢው ሚዛን ሲለያይ ጭቅጭቁን የሚፈታው የታወቀ የሚዛን ድንጋይ ነው። ይኸው ነጋዴ ግን ደሙን አስመርምሮ ‹‹ኮሌስትሮልህ 230 ነው›› ሲባል በየትኛው ድንጋይ እንደተመዘነ አይጠይቅም።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ እንደ አለርት ያለ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታልም፣ አነስተኛ የግል ክሊኒክም አለ። የየላቦራቶሪው መሣሪያ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መመርመሪያ ኬሚካሉም፣ ማለትም ሪኤጀንቱ፣ ከተለያየ ፋብሪካ ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ደም በሁለት ቦታ ሁለት ቁጥር ቢያወጣ ሊያስገርም አይገባም።

ልዩነቱ እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል? በአሜሪካ የወጣው የታወቀ መለኪያ ለጠቅላላ ኮሌስትሮል የሚፈቅደው ጠቅላላ ስህተት 8.9 በመቶ ነው። ትክክለኛ ውጤቱ 200 የሆነ ሰው 183 ወይም 217 ቢባል ላቦራቶሪው አልተሳሳተም ማለት ነው። 200 ደግሞ ሐኪሞች እንደ ድንበር የሚያዩት ቁጥር ነው። መለኪያውን የማያሟላ ላቦራቶሪ ጤነኛውን ለዓመታት መድኃኒት ገዢ ሊያደርገው፣ ሕመምተኛውንም ‹‹ደህና ነህ›› ብሎ ሊሸኘው ይችላል።

ለዚህ ችግር የተሠራው ድንጋይ የማጣቀሻ ቁስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት የተጣራ ኮሌስትሮል ኤስ አር ኤም 911 በሚል ቁጥር አወጣ። ኋላም የቅባት መጠኑ በጥንቃቄ የተለካ የቀዘቀዘ የሰው ሴረም ተከተለ። የመሣሪያ ፋብሪካዎች ማስተካከያ ፈሳሻቸውን፣ ካሊብሬተሩን፣ ከዚህ ጋር ያመሳክራሉ፤ ላቦራቶሪው ደግሞ መሣሪያውን በካሊብሬተሩ ያስተካክላል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ቁጥሩ ባለቤት የለውም።

እኛ ዘንድ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ በግዢ ላይ ይመስለናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲሰላ ከብዷል። ርካሽ ሪኤጀንት የሚያፈላልግ ባለሀብት አይጠፋም፤ ንግድ ነውና አይፈረድበትም። ነገር ግን የአንዱን ፋብሪካ ሪኤጀንት በሌላው ካሊብሬተር ማስኬድ በቡና ሚዛን ወርቅ እንደመመዘን ነው። የየዕለቱ የጥራት መቆጣጠሪያ ናሙናም ብቻውን አያድንም፤ መሣሪያው ትናንት ያለውን ዛሬም መድገሙን እንጂ ከጎረቤት ላቦራቶሪ ጋር መስማማቱን አያሳይም።

መስማማቱን የሚያሳየው የውጭ ጥራት ምዘና ነው። መጠኑ ያልተነገረ ናሙና ለብዙ ላቦራቶሪዎች ይላክና ውጤታቸው ይነጻጸራል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እንዲህ ያለ ምዘና ያካሂዳል። አይኤስኦ 15189 በተባለው ደረጃ ተገምግሞ አክሬዲቴሽን የሚያገኝ ላቦራቶሪም ምዘናውን ማለፍ አለበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ዕውቅናው የሚሰጠው ለተጠቀሱት ምርመራዎች ብቻ ስለሆነ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምስክር ወረቀት የደም ቅባትን ላያካትት ይችላል።

የምርመራ መሣሪያ ለመግዛት የሚደራደር ባለሀብት እንግዲህ ከዋጋው ጎን አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ ካሊብሬተሩ ከየትኛው ማጣቀሻ ጋር እንደተመሳከረ የሚገልጽ ወረቀት አለ ወይ? አቅራቢው ወረቀቱን በውሉ ላይ ካላያያዘ የዋጋ ቅናሹን ደግሞ ያስላ። ተመርማሪውም ለክትትል ሲሄድ ወደዚያው ላቦራቶሪ ይመለስ፤ የቀድሞውን ውጤትም ይዞ ይሂድ።