ከቦዩ ጫፍ ያለ ማሳ

ሰባን ያለፉ እናት ማዞር አስቸግሯቸው ኤምአርአይ ተነሱ እንበል። ውጤቱ በትልቅ ፖስታ ይመጣል። ልጆቻቸው ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩት ከአንጎሉ መሀል ነጫጭ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። አንዱ «ዕጢ ይሆን?» ይላል፤ ሌላዋ ስልኳን አውጥታ ትርጉሙን መፈለግ ትጀምራለች። ሐኪሙ ግን ብዙም ሳይደነግጥ «ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው» ብሎ ያረጋጋቸዋል። ማዞሩ ይተዋቸዋል፤ ፊልሙም ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል።

የሐኪሙ መልስ ስሕተት የለበትም፤ ሙሉ ግን አይደለም። ነጠብጣቦቹ ከዕድሜ ጋር ይመጣሉ፤ የሚያመጣቸው ግን ዕድሜ ብቻ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ታሪካቸው የሚጀምረው ሰውየው አርባና አምሳ ዓመት ሳለ፣ ምንም ሳያመው ነው።

ሞራ የለበሰ ክር

አንጎል ተከፍሎ ሲታይ ከላይ ግራጫ ልባስ፣ ከሥሩ ነጭ አካል አለው። ግራጫው የነርቭ ሕዋሳት መቀመጫ ነው። ነጩ ደግሞ ከእነዚያ ሕዋሳት የሚወጡ ረጃጅም ክሮች ጥቅል ሲሆን አንዱን የአንጎል ሰፈር ከሌላው ያገናኛል፤ ከአንጎል ግማሽ ያህሉንም ይይዛል። የሚያስበው ግራጫው ነው ቢባል እንኳ፣ የታሰበው ነገር ወደ እጅ፣ ወደ እግርና ወደ አንደበት የሚደርሰው በነጩ በኩል ነው።

ንጣቱ የስብ ንጣት ነው። ክሮቹ ማየሊን በተባለ እንደ ሞራ ነጭ በሆነ ስባማ ልባስ ተጠቅልለዋል። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1854 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ልባሱ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንዳለው ፕላስቲክ መልእክቱ እንዳይባክን ይጠብቃል፤ ከዚያ አልፎም ያፈጥነዋል። በየመሀሉ ትንንሽ ክፍተቶች ስላሉት መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይሄዳል። ልባስ የሌለው የነርቭ ክር መልእክት የሚያደርሰው በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜትር ብቻ ነው። ወፍራም ልባስ ያላቸው ክሮች ግን በሰከንድ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ያስኬዳሉ።

የእነዚህ ክሮች ርዝመት ሲደመር ለማመን ይከብዳል። በ2003 የወጣ አንድ የዴንማርክ ጥናት እንደገመተው የ20 ዓመት ወንድ ልባስ ያለው የነርቭ ክሩ 176,000 ኪሎ ሜትር፣ የሴቷ 149,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የወንዱ ብቻ ምድርን በወገቧ ከአራት ጊዜ በላይ ይዞራታል። ይህ ርዝመት በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ያህል እያጠረ ሄዶ በ80 ዓመት 45 በመቶው ይጎድላል። ይህኛው ጉድለት የእርጅና ድርሻ ነው። በፊልሙ ላይ የሚያበሩት ነጠብጣቦች ግን ከእርጅናው ላይ የተጨመረ ሌላ ጉዳት ናቸው።

ውሃው የማይደርስበት

በመስኖ የሚያርስ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ከቦዩ አፍ ያለው ማሳ ውሃው ቢቀንስም አይጠማም፤ መጀመሪያ የሚጠወልገው ከቦዩ ጫፍ ያለው ነው። የአንጎል ነጭ ክፍል፣ በተለይ በመሀል ካሉት ፈሳሽ የያዙ ጉድጓዶች ዙሪያ ያለው፣ እንዲህ ያለ ማሳ ነው። ደም የሚያመጡለት ሥሮች ከአንጎል ገጽ ወደ ውስጥ፣ ከሥሩም ወደ ላይ ረጅም መንገድ የሚጓዙ ቀጫጭን ቦዮች ናቸው። እርስ በርሳቸው እምብዛም ስለማይገናኙ አንዱ ሲደክም ጎረቤቱ ውሃ አያበድረውም።

ከፍተኛ የደም ግፊት እነዚህን ቦዮች ለአሥርት ዓመታት ይደበድባቸዋል። ግድግዳቸው ይወፍራል፤ መለጠጡን ያጣል፤ ደም በብዛት ሲፈለግም መስፋት ያቅታቸዋል። አልፎ ተርፎም ያፈሳሉ፦ በደም ሥር ውስጥ መቅረት የነበረበት ፈሳሽ ወደ አንጎል ሥጋ ይሰርጋል። ስኳር በሽታና ሲጋራም በዚያው መንገድ ይጎዷቸዋል። ማየሊኑን የሚሠሩትና የሚጠግኑት ሕዋሳት ደግሞ የኦክስጅን እጥረት ፈጽሞ አይችሉም፤ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው። ልባሱ ይሳሳል፤ ስብ በነበረበት ቦታ ውሃ ይጠራቀማል።

ፊልሙ የሚያሳየው ይህንን ውሃ ነው። ኤምአርአይ «ፍሌር» በተባለው የአነሳስ ዘዴ በአንጎል ጉድጓዶች ውስጥ ያለውን ተፈጥሯዊ ፈሳሽ አጥቁሮ፣ በሥጋው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ያበራል። ስለዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል፦ ጤነኛው ነጭ ክፍል በፊልሙ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ነጭ ሆኖ የሚያበራው ንጣቱን ያጣው ነው።

ጉዳቱ ከማሽኑ በፊትም ይታወቅ ነበር። በጀርመን የና ከተማ ይሠራ የነበረው ኦቶ ቢንስቫንገር በ1894 ነጩ ክፍላቸው የመነመነ ሕሙማንን ገልጾ ጽፏል። ከዘጠና ዓመት በኋላ ሲቲ ስካን ሲስፋፋ ተመሳሳይ ጥላ በብዙ አረጋውያን አንጎል ላይ መታየት ጀመረ። ካናዳዊው የነርቭ ሐኪም ቭላድሚር ሃቺንስኪና ባልደረቦቹ በ1987 ከግሪክ ቃላት «ሉኮአራዮሲስ» የሚል ስም ሰጡት፤ «የነጩ መሳሳት» እንደ ማለት ነው። ስሙ የሚታየውን ብቻ እንጂ መንስኤውን አይናገርም፤ ሆነ ተብሎ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። በዚያው ዓመት ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ፋዜካስ መለኪያ አወጣ። 0 ምንም የለም ማለት ነው፤ 1 የተበታተኑ ነጠብጣቦች፤ 2 መያያዝ የጀመሩ፤ 3 ደግሞ ተዋህደው ሰፊ ደመና የሆኑ። ዛሬም በብዙ የምርመራ ወረቀቶች ላይ የፋዜካስ ስም ከቁጥር ጋር ሰፍሮ ይገኛል።

እንደ ሽበት ነው?

ሐኪሞች ቤተሰብን ለማረጋጋት ነገሩን ከሽበት ጋር ያመሳስሉታል። ብዛቱን ካየን ልክ ናቸው። በሆላንድ ሮተርዳም ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆናቸው 1,077 ሰዎች አንጎላቸው ሲነሳ ከነጠብጣብ ፈጽሞ ነጻ የሆኑት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥቂት ነጠብጣብ የተገኘበት አረጋዊ በሽተኛ ተብሎ ሊፈረጅ አይገባም ማለት ነው።

ሽበት ግን ማንንም አይጥልም። ላዲስ የተባለው የአውሮፓ ጥናት ከ65 እስከ 84 ዓመት የሆናቸውን ራሳቸውን የቻሉ 639 ሰዎች ተከታተለ። በዓመት ውስጥ ራስን መቻል ያጡት ወይም የሞቱት፣ ለውጡ ቀላል ከነበረባቸው መካከል 10.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከባድ ከነበረባቸው መካከል ግን 29.5 በመቶ ደርሰዋል። ሌሎች ጥናቶችም ሰፊ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ፣ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ነጠብጣብ አለ ወይ?» ሳይሆን «ምን ያህል ነው? እየሰፋስ ነው?» መሆን አለበት።

በቤት ውስጥ ምልክቱ ከአልዛይመር ይለያል። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ትናንት የተባለውን በመርሳት ነው፤ የነጩ ክፍል ጉዳት ግን ከመርሳት በፊት ፍጥነት ይቀንሳል። አባት የልጅነታቸውን ታሪክ አንድም ሳያዛንፉ ይተርካሉ፤ የዕድርና የመብራት ክፍያን በተራ ማደራጀት ግን ይከብዳቸዋል። እናት ቡና እየቆሉ መጫወት የለመዱ ነበሩ፤ አሁን ቡናውን ሲያነሡ ጨዋታው ይቋረጣል። ሁለቱም ችሎታ አለ፤ አንድ ላይ ማስኬዱ ነው ያቃተው።

እግርም ይናገራል። እርምጃው ያጥራል፤ ጫማው መሬት የሚጎትት ይመስላል፤ መዞር ሲኖርባቸው ብዙ ትንንሽ እርምጃ ይረግጣሉ። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ሲያናግራቸው ለመመለስ ቆም ካሉ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ እየሄዱ ማውራት የሚያቅታቸው አረጋውያን የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ሽንት ቶሎ ቶሎ ማጣደፍና ከሰው ገለል ማለትም የዚሁ ሰንሰለት አካል ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሁሉ ጠቅልለን «ጃጅተዋል» ስንል ሊታከም የሚችለውንም አብረን እንቀብራለን። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መዳከም፣ ድብርትና የመድኃኒት ጣጣ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉና መጀመሪያ እነሱ መመርመር አለባቸው።

ርካሹ መሣሪያ

ነጠብጣቡን አሟሙቶ የሚያጠፋ ክኒን የለም። ስፋቱን ማዘግየት ግን ይቻላል፤ ለዚህም ዋናው መሣሪያ ውዱ ኤምአርአይ ሳይሆን ክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ ነው።

ስፕሪንት በተባለው የአሜሪካ ጥናት ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ስኳር የሌለባቸው የግፊት ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ወገን የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች፣ የሌላው ከ140 በታች እንዲሆን ታከመ። ከእነሱ መካከል 449 ሰዎች አራት ዓመት ገደማ ቆይተው ኤምአርአይ ሲደገምላቸው፣ ጉዳቱ በአንደኛው ወገን በ0.92፣ በሁለተኛው በ1.45 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ተገኘ። በሁለቱም ሰፍቷል፤ ፍጥነቱ ነው የተለየው። ኢንፊኒቲ የተባለው ሌላ ጥናት 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 199 ሰዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትሎ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፤ በአረማመድ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አላየም። ፊልሙ ቀድሞ ይለወጣል፤ እግር እስኪከተል ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሕክምናው በአርባና አምሳ ዓመት ቢጀመር ይመረጣል።

በአገራችን በ2015 የተደረገው ብሔራዊ ዳሰሳ ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ግፊት እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ስለማያም ብዙዎች ሳይለኩት ይኖራሉ፣ የተነገራቸውም ደኅና ሲሆኑ ወይም ጾም ሲገባ መድኃኒቱን ያቋርጣሉ። በጾም ወቅት የሚያስፈልገው ማቋረጥ ሳይሆን ከሐኪም ጋር ሰዓት ማስተካከል ነው።

መለካትም ወግ አለው። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። አምስት ደቂቃ ያህል ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን መሬት አስረግጦ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አሳርፎ፣ ሳያወሩ ይለካ። በዕድሜ ለገፉት ደግሞ ቆመው አንድ ጊዜ መደገም አለበት። ሲቆሙ ግፊቱ የሚያሽቆለቁልና የሚያዞራቸው ከሆነ መድኃኒቱ መስተካከል አለበት፤ ግፊት ቀነሰ ተብሎ ዳሌ ቢሰበር ምን ይጠቅማል? የሁሉም ግብ 120 አይደለም፤ ለእያንዳንዱ አረጋዊ የሚስማማውን የሚወስነው የሚያውቀው ሐኪም ነው።

ከመለኪያው ቀጥሎ ማድ ቤት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ በሻይ ማንኪያ ልክ አንድ ማለት ነው። በእኛ ቤት በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል፤ ወጡ ሲሠራ ይደገማል፤ ገበታ ላይም አንዳንዱ ይሠልሳል። ሦስተኛውን መተው ለመጀመር ቀላል ነው። ሲጋራ ማቆም፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ በየቀኑ በእግር መሄድም የደም ሥርን ይጠብቃሉ። ሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰውም ሊመረመር ይገባዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ነጠብጣብ ታየ ተብሎ ብቻ አስፕሪን አይጀመርም። በ2018 የወጣው አስፕሪ የተባለ ጥናት ጤነኛ በሆኑ ከ19,000 በላይ አረጋውያን ላይ በየቀኑ የሚወሰድ አስፕሪን የመርሳት በሽታን እንዳልቀነሰ፣ ደም መፍሰስን ግን እንደጨመረ አሳይቷል። ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ያጋጠመው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ በሐኪም የታዘዘለትን አያቋርጥ። ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር በድንገት ከተኮላተፈ ደግሞ ነገሩ የዓመታት ሳይሆን የደቂቃዎች ነውና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

የደረቀው ማሳ ተመልሶ ላይለመልም ይችላል፤ ምንም እንኳ በአንዳንድ ሰዎች ነጠብጣቡ ሲቀንስ ቢታይም። ቀጥሎ ያለውን ማሳ ማዳን ግን በእጅ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ቁም ሳጥኑ ላይ ይቆይ፤ ለንጽጽር አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ አንድ ተራ የልጅ ደብተር ይገዛና በአራት ይሰመር፦ ቀኑ፣ የላይኛው ቁጥር፣ የታችኛው፣ ሲቆሙ የተለካው። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ ከትልቁ ፖስታ በፊት የሚዘረጋው ያ ደብተር ነው።